አባቷን ምንጭ አድርጋ በመጥቀሷ ስለተቀጣች አመልካች

ለተከበሩ የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት ላይ ሳሉ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። ዐይንዎ ብሩህ፣ ጉልበትዎ ጽኑ፣ እንቅልፍዎም የሰላም ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን ለማስታወስ ችሎታዎ ጤና እመኛለሁ፤ ዕድሜ ሲገፋ ሰውን ቀድሞ የሚከዳው እርሱ ስለሆነ፣ ለእርሱ የተመኘሁት ከሌላው ትንሽ ረዘም ቢል ቅር እንደማይሰኙብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ራሴን ለማስተዋወቅ ያህል፣ እኔ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ትይዩ፣ በቆርቆሮ ከለላ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ የጽሕፈት መኪና ይዤ ሠላሳ ስድስት ዓመት የተቀመጥሁ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። በአንደኛው ወንበር እኔ እቀመጣለሁ፤ በሁለተኛው ላይ ችግር ያለበት ሰው ሁሉ በየተራው ይቀመጣል። የተማርሁት ከመምህር እግር ሥር ሆኜ፣ የተነገረኝን ቃል በቃል እየደገምሁ ነው። አንዲት ቃል የጨመረ ወይም ያጎደለ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እስኪመሽ ይቆም ስለነበር፣ የሰውን ቃል ማክበር ምን ማለት እንደሆነ በጆሮዬ ብቻ ሳይሆን በእግሬም ጭምር ተምሬዋለሁ።

የሙያዬ ሕግ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ የተጻፈው ማመልከቻ ለባለጉዳዩ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ባለጉዳዩም በካርቦን ግልባጩ ላይ «ተነቦልኛል፤ ቃሌ ነው» ብሎ ይፈርማል። ሁለተኛው፣ ጸሐፊው ለማን ምን እንደጻፈ እስከ ዕለተ ሞቱ አይናገርም። እኔም በዚህ ደብዳቤ አልናገርም። አንባቢ ከዚህ በታች የሚደርስበት ነገር ቢኖር በራሱ ብልኅነት ይደርስበታል እንጂ በእኔ አንደበት አይደለም። ከእነዚህ ሌላ አንዲት ትንሽ ልማድ አለችን፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ስሕተት ሲያገኙ ማንን እንደሚገሥጹ እንዲያውቁ፣ እያንዳንዱ ጸሐፊ በወረቀቱ ግርጌ በግራ ጥግ በብዕር የራሱን ምልክት ያኖራል። የእኔ ሦስት ነጥብና ከሥራቸው አንዲት ሰረዝ ናት።

ከእኔ በስተቀኝ የሚቀመጥ ሌላ ጸሐፊ አለ። በንግግሩ መካከል ሁሉ «በማኅተም አረጋግጣለሁ» ማለት ስለሚወድና ማኅተም ግን ስለሌለው፣ ሰው ሁሉ «ማኅተም» ይለዋል። ይህ ጎረቤቴ የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ እኔ ባል ለሞተባቸው ሴቶች እንዲሆን አንድ ወር ሙሉ ስጽፍና ስሰርዝ የከረምሁበትን ማመልከቻ ከትከሻዬ በላይ አንብቦ፣ በማግሥቱ የራሱ አድርጎ ሲጽፍ አገኘሁት። ብጠይቀው «ወንድሜ፣ አየር ላይ ያለ ነገር የሁሉም ነው» አለኝ። ያን ቀን በውስጤ የተነሣውን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር አሰርሁት፤ እንዲህ የሚል ነው፦ «ከሰው ቤት ዕቃ የወሰደ ሌባ ይባላል፤ ከሰው ራስ ሐሳብ የወሰደ ግን ዐዋቂ ይባላል፤ የምማረው ይህን ስም ለማስተካከል ነው።» የመጨረሻው ሐረግ ስለ መማር ወደሚናገርበት ምክንያት በኋላ እመለሳለሁ። ለአሁኑ የሚበቃው፣ ይህን ዐረፍተ ነገር እቤቴ ውስጥ ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙ ጊዜ ከመናገሬ የተነሣ ባለቤቴ ልብስ እያጠፈች ከእኔ ቀድማ ትጨርሰው እንደነበረ ነው።

አንዲት ልጅ አለችን። ይህን ዐረፍተ ነገር እየሰማች አደገችና፣ ሌሎች ልጆች ሐኪም ወይም አውሮፕላን ነጂ መሆን ሲመኙ፣ እርሷ ሰው በአእምሮው የፈጠረውን ነገር፣ መጽሐፉን፣ ንድፉን፣ ዜማውን፣ መሣሪያውን ከዘራፊ የሚጠብቅ ሕግ እማራለሁ አለች። የአእምሯዊ ንብረት ሕግ ይባላል። እኔ በሠላሳ ስድስት ዓመት የአጥር፣ የውርስና የፍቺ ማመልከቻ እንጂ የዚህን ሕግ ስም የሚጠራ ባለጉዳይ በወንበሬ ላይ አላየሁም፤ ቢሆንም ስሟን ስታስጠራ ለማየት ቸኮልሁ።

የሕግ ትምህርት ቤት መምረጥ እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረው ነው። ልጄ የሦስት ትምህርት ቤቶችን ስም በወረቀት ላይ ጽፋ በየአንዳንዱ ትይዩ ጥያቄ ደረደረች፤ ይህን ሕግ የሚያስተምር መምህር አለ ወይ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ይከፈታል ወይ፣ ተመራቂዎቹ የት ገቡ። በመጀመሪያው ትምህርት ቤት የትምህርቱ ስም በትልቁ ተለጥፎ፣ የመምህሩም ስም በበራቸው ላይ ተጽፎ፣ ኮታቸውም በወንበራቸው ላይ ተሰቅሎ አገኘን። ረዘም ላለ ጊዜ ከጠበቅን በኋላ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ገብታ ኮቱን እያራገፈች «እሳቸው እንኳ ከሄዱ አራት ዓመታቸው ነው፤ ኮቱ ግን ቀርቶ አያውቅም» አለችን።

ሦስተኛው ትምህርት ቤት ከአንድ የቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ ያሉ አራት ክፍሎች ናቸው። በር ጠባቂ የለውም፤ ደረጃው ሲረግጡት ይንቋቋል፤ የሚያስተምሩትም እጅጌያቸው በጠመኔ የነጣ አንዲት መምህርት ሲሆኑ፣ ቤተ መጻሕፍቱን ሲያሳዩን «መደርደሪያው አንድ ነው፤ የጎደለውን ተከራክረን እንሞላዋለን» አሉ። ልጄ ዐይኗ በራ። እኔ ግን በር ጠባቂ የሌለው ትምህርት ቤት ምን የሚጠበቅ ነገር ይኖረዋል ብዬ ወደ መካከለኛው፣ ማለትም ወደ እርስዎ ትምህርት ቤት እጇን ይዤ ወሰድኋት። ዐምዶቹን፣ አትክልቱን፣ በአንድ የተቆለፈ በር ላይ፣ በነሐስ ሰሌዳ የተጻፈውን «የአእምሯዊ ንብረት ጥናት ማዕከል» የሚለውን ስም አይቼ «ልጄ፣ ቦታሽ ይህ ነው» ያልኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ከምዘረዝረው ምስጋና እኩሌታው ለእኔ የሚገባ መሆኑን አልክድም።

ክቡርነትዎ የሚመሩት ትምህርት ቤት የዋለልን ውለታ የሚከተለው ነው።

፩. በመግቢያው ላይ ጥበቃው ለእያንዳንዱ ገቢ አንድ ቅጽ ያድላል። ቅጹ «በግቢው ውስጥ የሚመነጭ ማንኛውም ሐሳብ፣ ግኝት፣ ንድፍና ግምት የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው» ይላል። እንደ እኔ ያለ ልጁን ለማድረስ የመጣ ሰው ሐሳብም ይጨምር እንደሆነ ብጠይቀው፣ ጥበቃው ብዕሩን እያቀበለኝ «አባቴ፣ ዝም ብለው ይፈርሙ፤ እስካሁን ያሰበ ሰው ገጥሞን አያውቅም» አለኝ። ፈረምሁ። ከዚያም ልጄ ማመልከቻዋን ለማስገባት ስትሄድ እኔ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጥሁ፤ ራሴን ለመቆጣጠር ብዙ ብጥርም ሦስት ሐሳብ አምልጦኛል። የሰው ንብረት ይዤ መሄድ ልማዴ ስላልሆነ አስረክባለሁ። አንደኛው፣ የአግዳሚው አንድ እግር አጥሮ በንብረት ሕግ መጽሐፍ መደገፉን አይቼ፣ ይህ መጽሐፍ በዚህ ቤት ሥራ ላይ ሲውል ያየሁት የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው ብዬ አስቤያለሁ። ሁለተኛው፣ ጸሐፊዎ «ዲኑ ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትለኝ፣ ከውስጥ በሬዲዮ ከሚሰማው ጩኸት ስብሰባው አንድ ለባዶ በሆነ ውጤት እየተካሄደ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስቤያለሁ። ሦስተኛውን ሐሳብ ቦታው ሲደርስ አስረክባለሁ፤ እስከዚያው በአደራ የተቀመጠ መሆኑን ይመዝግቡልኝ።

፪. በግቢው ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። የአእምሯዊ ንብረት መማሪያ መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ሲባዛ ስላየሁ ቀረብ ብዬ ተመለከትሁ፤ «ማባዛት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለው ገጽ ከሁሉ ይልቅ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ባለቤቲቱን ስለ ገጹ ብጠይቃት «አባባ፣ እሱን ካልጨመርሁ ተማሪዎቹ መጽሐፉ ጎደሎ ነው ይሉኛል» አለችኝ። እንዲህ ያለ ለሙላት የሚቆረቆር ትውልድ በማፍራትዎ አመሰግናለሁ።

፫. ከአግዳሚው ትይዩ፣ ከቢሮዎ በር በስተግራ፣ በመስታወትና በወፍራም እንጨት የተከፈፈ አንድ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ወረቀት ተሰቅሏል። ከበላዩ ያለው የነሐስ ሰሌዳ «ክቡር ዲኑ በወጣትነታቸው ሕግ ለመማር በራሳቸው ሐሳብና ቃል ያቀረቡት ማመልከቻ፤ ያለ ፈቃድ መገልበጥ በሕግ ያስጠይቃል» ይላል። ሁለት ሰዓት ትይዩው የተቀመጠ ሰው ሳያነብበው ሊነሣ አይችልምና አነበብሁት። በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ከሰው ቤት ስለተወሰደ ዕቃና ከሰው ራስ ስለተወሰደ ሐሳብ የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። የመጨረሻው ሐረግ የሚናገረው ስለ መማር ነው።

እዚህ ላይ፣ ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው አንድ ትዝታ እንዳነሣ ይፍቀዱልኝ። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ማኅተም ማመልከቻዬን መውሰዱን ባወቅሁበት በዚያው ቀን፣ እጅጌው እስከ ጣቶቹ የሚደርስ የትውስት ኮት የለበሰ አንድ ቀጭን ወጣት በሁለተኛው ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ሕግ ለመማር ማመልከቻ ይፈልጋል። ለምን መማር እንደፈለገ ብጠይቀው ወለሉን አየ። ደግሜ ብጠይቀው «እርስዎ የመሰለዎትን ያድርጉት፤ ብቻ አንብበው አንጀታቸው እንዲላወስ ያድርጉልኝ» አለ። የዚያን ቀን የምሰጠው ምክንያት አንድ ብቻ ነበረኝ፤ የራሴን። ያንን ሰጠሁት። ጮክ ብዬ ሳነብለት እርሱ ራሱ ዐይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ በግልባጩም ላይ «ተነቦልኛል፤ ቃሌ ነው» ብሎ ፈረመ። ይህ ወጣት ማን እንደነበረ አልናገርም። የት እንደደረሰም አልናገርም። ዛሬ ኮቱ በልኩ የተሰፋ መሆኑን በማየቴ ግን ደስ ብሎኛል።

አሁን ያለ ቀልድ የምናገረው አንድ ነገር አለ። በዚያች ሰዓት ልጄ ከታች ባለው መስኮት ማመልከቻዋን እያስገባች ነበር። በዋዜማው አንብባልኛለች፤ ያ ዐረፍተ ነገር በውስጡ እንዳለ ዐውቅ ነበር። ደረጃውን ወርጄ «ልጄ፣ እሱን ሰርዢው» ማለት እችል ነበር። ብላት ግን ለምን ትለኛለች፤ ለምን ካለችኝ ደግሞ የባለጉዳይ ምስጢር ላወጣ ነው። ስለዚህ በንብረት ሕግ በተደገፈው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጥሁ ቀረሁ። የሙያ መሐላዬን ጠበቅሁ፤ ልጄን አልጠበቅሁም። ይህ በእርስዎ ላይ የሚቆጠር አይደለም፤ የእኔ ነው።

፬. የትምህርት ቤቱ የተገለበጠ ጽሑፍ የሚያጣራ መሣሪያ የልጄን ጽሑፍ መርምሮ መቶኛ አወጣላት። በመሣሪያው ግኝት መሠረት ልጄ «ለተከበረው የሕግ ትምህርት ቤት» የሚለውን ከሌሎች አመልካቾች፣ ቀኑን ከዕለቱ ጋዜጣ፣ የአባቷንም ስም ከአባቷ መውሰዷ ተደርሶበታል። እነዚህን ኮሚቴው በቸርነቱ አለፈላት። ያልታለፈው የክፈፉ ዐረፍተ ነገር ነው። ልጄ ግን ዐረፍተ ነገሩን የራሴ ነው አላለችም። እኔ ሐሰት እንዳትናገር አድርጌ ስላሳደግኋት፣ ከገጹ ግርጌ ምንጩን በንጹሕ ጽሕፈት አስቀምጣለች፦ «አባቴ፤ በቃል፤ ብዙ ጊዜ።»

ኮሚቴው ጠራት። እኔም ምንጩ ነኝና አብሬ ልግባ ብል የኮሚቴው ሰብሳቢ በሩን ገርበብ አድርገው «ምንጭ ከውጭ ይጠብቃል» አሉኝ። ልጄ በኋላ እንደነገረችኝ አባቷ ምን እንደሚሠራ ጠይቀዋት፣ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው ስትላቸው አምስቱም በአንድነት ወደ ወንበራቸው ደገፍ አሉ። ውሳኔው በሦስት ገጽ ተጽፎ ደረሰን። ጥፋቷ ሁለት ነው ይላል። አንደኛው፣ የክቡር ዲኑን ቃል ወስዳለች። ሁለተኛውና የከፋው፣ የወሰደችውን ቃል «በሙያው የሌላውን ቃል ብቻ ለሚጽፍና ስለዚህም የራሱ ቃል ሊኖረው ለማይችል ሰው» በመስጠት ሐሰተኛ ምንጭ ጠቅሳለች። ጸሐፊዎ በደግነት ወደ ጎን ወስዳ እንዳስረዳችን፣ ልጄ ዐረፍተ ነገሩን የራሷ አድርጋ አቅርባው ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ አንድ ብቻ ሆኖ በቃል ማስጠንቀቂያ ይታለፍ ነበር። ወላጆች ሁሉ ይህን እንዲያውቁት እዚህ ላይ አስፍሬዋለሁ፤ ልጆቻችሁን ለዚህ ትምህርት ቤት ስታዘጋጁ፣ ሲሰርቁ እውነት መናገር ቅጣቱን በእጥፍ እንደሚያሳድገው ከወዲሁ ንገሯቸው።

፭. ይግባኝ የማለት መብቷን ስለጠበቁላት አመሰግናለሁ። በመመሪያዎ መሠረት ይግባኝ የሚቀርበው በታወቀ ማመልከቻ ጸሐፊ የተጻፈ እንደሆነ ነው። ጻፍሁላት። በሦስተኛው ቀን፣ ጸሐፊው በጉዳዩ ውስጥ ሐሰተኛ ምንጭ ተብሎ የተጠቀሰ ሰው ስለሆነ በሌላ ጸሐፊ ተጽፎ ይቅረብ የሚል መልስ መጣ። በፍርድ ቤቱ ደረጃ ትይዩ ያለው ሌላ ጸሐፊ አንድ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰላምታ ያልሰጠሁትን ማኅተምን ልጄን ይዤ ሄጄ ሰላም አልሁት። የእኔን ይግባኝ ፊት ለፊቱ ዘርግቶ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ገልብጦ፣ ከሥሩ የራሱን ምልክት አድርጎ «በማኅተም አረጋግጣለሁ፣ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍልሽ የለም» አላት። ኮሚቴው ተቀበለው። የመልሱ መግቢያ «በግሩም ቋንቋና በራስ አገላለጽ የተዘጋጀውን ይግባኝ መርምረናል» ይላል። ከመረመሩት በኋላ ውድቅ አደረጉት። ለማኅተም ግን የምስጋና ወረቀት ደርሶታል፤ ከጠረጴዛው በላይ ሰቅሎታል፤ ክፈፉም ከእርስዎ ክፈፍ ብዙ አያንስም።

ያን ቀን እቤት ስንገባ ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆማ «አባባ፣ ቃሉ የእርስዎ ነው ወይስ አይደለም?» አለችኝ። እቤት ውስጥ የተናገርሁት የእኔ መሆኑን፣ ከቤት ውጭ ስላለው ግን መናገር እንደማልችል መለስሁላት። ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ በኋላ «እንግዲያው እኔ ልማረው የምሄደው እርስዎ የማይናገሩትን ነገር ነው» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። እናቷ ልብስ ማጠፏን ትታ «ሠላሳ ዓመት እኔን ያደነቆርህበትን ነገር አሁን በሚያስፈልግበት ቀን ዋጥኸው?» አለችኝ።

፮. በመጨረሻም ውሳኔው በርስዎ ፊርማ ለሕግ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በደብዳቤ ተላልፏል። ልጄ በየትኛውም የሕግ ትምህርት ቤት በር ላይ ሳትደርስ ስሟ ቀድሟት እንዲደርስ ስላደረጉ፣ እኔ በሠላሳ ስድስት ዓመት ያላገኘሁትን ዝና በአንድ ሳምንት ስላጎናጸፏት አመሰግናለሁ። ኮት ብቻ የሚያስተምርበት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እንኳ «የተቋማችንን የጠባይ ደረጃ አያሟሉም» ብሎ ጻፈላት። ኮቱ ይፈርም አይፈርም ለማጣራት አልደፈርሁም።

ደብዳቤዎ ግን በዚያ በሚንቋቋው ደረጃ ወጥቶ፣ እጅጌያቸው በጠመኔ በነጣው መምህርት እጅም ገብቷል። መምህርቲቱ አንብበው አላስወገዱትም። የልጄን ስም ሸፍነው ለዘንድሮ አመልካቾች ሁሉ የመግቢያ ፈተና አድርገው ሰጡት፦ «ማመልከቻ የማን ነው? የጻፈው ሰው፣ የፈረመው ሰው፣ ወይስ የተቀበለው?» ልጄም ከሌሎቹ ጋር ተቀምጣ ተፈተነች፤ አራት ገጽ ጻፈች። ፊርማ ቃሉን ለመሸከም ነው እንጂ ለመውለድ አይደለም ብላለች። «ቃሌ ነው» ብሎ የፈረመ ሰው በቃሉ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ በፊርማው ግን የጻፈለትን ሰው አፍ አልባ፣ የጸሐፊውንም ልጅ ሐሰተኛ ሊያደርግ አይችልም ብላለች። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌም ያንኑ ምንጭ ዳግመኛ ጻፈች፦ «አባቴ፤ በቃል፤ ብዙ ጊዜ።» መምህርቲቱ በኅዳጉ ላይ በቀይ ብዕር ሁለት ቃል ጨመሩ፦ «ምንጩ ይቅረብ።»

ቀረብሁ። በዚያ ትምህርት ቤት ምንጭ ከውስጥ ይቀመጣል፤ ወንበርም ሰጡኝ። ተማሪዎቹ አንድ ጠዋት ሙሉ ጠየቁኝ፣ እኔም ስለ ሙያዬ ልማድ ሁሉ መለስሁ፤ ለማን እንደጻፍሁ ሲጠይቁኝ ግን ዝም አልሁ። ዝምታዬንም በሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ ሕጋዊ ውጤት አለው የለውም በሚል ለሁለት ተከፍለው እስካሁን ይከራከሩበታል። ልጄን ተቀብለዋታል። በክርክሩ ውስጥ ዝምታዬን ከሚቃወሙት ወገን ናት፤ እኔም አልተቀየምኋትም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልጄን ይቀበሉልኝ ብዬ አልለምንዎትም፤ ያንን ደረጃ አልፈነዋል። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ ትምህርቷን ስትጨርስ የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ስለ ጠባይዋ መጠየቁ አይቀርም፤ ሲጠይቅ የሚያገኘው በእርስዎ ፊርማ የተጻፈውን «ሐሰተኛ ምንጭ ጠቅሳለች» የሚለውን ቃል ነው። በሕይወቷ ውስጥ እውነት በመናገሯ የተጻፈባት ሐሰት ይህ ብቻ ነው። ይህ ቃል ከመዝገቧ ይሰረዝልኝ፤ መሰረዙም ለተላለፈላቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ ለኮቱ ጭምር፣ ይገለጽልኝ። ዐረፍተ ነገሩን አልጠይቅዎትም። ፈርመውበታል የሚባል ከሆነ የፈረመው ሰው ይዞት ይኑር፤ ከእርሱ ጋር ብዙ ዘመን አብሮ ስለኖረ ዛሬ ቢነጥቁት የሚለብሰው ያጣል።

ለትምህርት ቤትዎ ዐምዶች ጽናትን፣ ለአግዳሚዎ አራተኛ እግር፣ ለማዕከልዎ የሚከፈት በር እየተመኘሁ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመት የጽሕፈት ዘመኔ ለራሴ የጻፍሁትን ይህን የመጀመሪያ ማመልከቻ ከታላቅ አክብሮት ጋር አቀርባለሁ። ጮክ ብዬ ለራሴ አንብቤዋለሁ፤ ቃሌ ነው።

የማይለወጥ አክባሪዎ፣
ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ትይዩ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ፣
የአንዲት የሕግ ተማሪ አባትና ምንጭ

ግልባጭ፦
— ለቅበላ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ከውጭ ሆነው እንዲያነቡት፤
— ለግቢው ጥበቃ፣ በመጨረሻ ያሰበ ሰው ስለገጠማቸው፤
— ለፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ምንም ገጽ ሳይጎድል እንዲባዛ፤
— ለጎረቤቴ ለማኅተም፣ መገልበጡ ስለማይቀር ከእኔ እጅ ቢያገኘው ይሻላል በሚል፤
— ለባለቤቴ፣ መልስ ይሆን ዘንድ።

ማስታወሻ፦ በተራ ቁጥር ፩ በገባሁት ቃል መሠረት፣ በግቢዎ ውስጥ የመነጨውንና በፊርማዬ የትምህርት ቤትዎ ንብረት የሆነውን ሦስተኛውን ሐሳቤን አስረክባለሁ። ክፈፉን የሠራው አናጢ የታችኛውን እንጨት ሁለት ጣት ያህል ስላሰፋው፣ የወረቀቱ ግርጌ ከነግራ ጥጉ ተሸፍኗል። ከእንጨቱ ሥር ምን እንዳለ መናገር ሙያዬ አይፈቅድልኝም፤ አናጢ ግን እንዲህ ያለ መሐላ የለበትም፤ የልጄ መምህርትና ተማሪዎቻቸውም ክፈፉን ለመጎብኘት ፈቃድ የሚጠይቅ ደብዳቤ እያዘጋጁ መሆናቸውን ሰምቻለሁ። የዚህ ደብዳቤ ግራ ጥግ ግን፣ ከነሦስቱ ነጥብና ከነሰረዙ፣ እርስዎም ሌላውም አንባቢ እንደሚያየው፣ አልተሸፈነም።